ሳናየው የምንሸጠው ቲሸርት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ ያለ መነሻ ካፒታል በኦንላይን ቲሸርት ስለመሸጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሥራው የለም ወይም ማታለያ ነው ብዬ ልከራከራችሁ አልመጣሁም። ሥራው አለ፤ የሚኖሩበትም ሰዎች አሉ። ነገር ግን ጽሑፉ እዚህ አገር ተቀምጦ ለሚሞክረው ወጣት ሥራው የሚሰበርበትን ቦታ ሳይነካው ስላለፈ፣ በሁለቱም ወገን የቆምኩ ሰው እንደመሆኔ ዝም ማለቱ አልሆነልኝም። በሁለቱም ወገን ማለቴ፣ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ አራት ዓመት ገደማ በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ቲሸርት ስፈትሽ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ አረብ ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቲሸርትና ኩባያ ላይ እያተምኩ እኖራለሁ። በመካከሉ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን እናንተ የጻፋችሁለትን ሥራ ሞክረነዋል።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሻጩ ሥዕሉን ወይም ጽሑፉን ያዘጋጃል፣ በቲሸርት ፎቶ ላይ አስቀምጦ ኢንተርኔት ላይ ባለ ሱቁ ይለጥፋል፤ ገዢ ሲከፍል ትእዛዙ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላለ አታሚ ይተላለፋል፤ አታሚውም ያችኑ አንዲት ቲሸርት አትሞ በሻጩ ስም ለገዢው ይልካል። በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነው ፕሪንትፉልና ፕሪንቲፋይ ሁለቱም የተወለዱት በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ ሲሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር አንደኛው በ2013 ሌላው በ2015 ተቋቁመው በ2024 እንደሚዋሃዱ አስታውቀዋል። ሻጩ ዕቃውን ሳይዝ፣ ሳይነካና ሳያይ መሸጡ ነው እንግዲህ ድሮፕሺፒንግ የሚባለው። ነገሩ ለእኛ ያን ያህል እንግዳ አይደለም፤ የመርካቶ ነጋዴ የለጠፈውን የጫማ ፎቶ ወደ ራሷ የቴሌግራም ቻናል አምጥታ፣ ሁለት መቶ ብር ጨምራ የምትሸጥ ልጅ የሌለበት ሰፈር ሀዋሳ ውስጥ የለም።

ወንድሜ ይህን የተማረው 6,000 ብር ከፍሎ ነው። ሥልጠናው በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ እንደ አሸን ከፈሉት አንዱ ነበር፤ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ሁለት ቲሸርት በዶላር የሸጠ ሰው በአንድ ጊዜ ሀብታም መስሎ ታየ። በሁለት ቅዳሜ ትምህርት ሥዕል እንዴት እንደሚሠራና ሱቅ እንዴት እንደሚከፈት ተነገራቸው። ሒሳቡን ግን በሰሌዳ ላይ የጻፈላቸው አልነበረም፤ ስለዚህ እኔ ልጻፈው።

ኤትሲ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ በ24 ዶላር የሸጥናትን አንዲት ቲሸርት እንውሰድ፤ ማጓጓዣው በዋጋው ውስጥ ነው። አታሚው ለቲሸርቷና ለህትመቱ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ለማጓጓዣው 4 ዶላር ከ75 ሳንቲም፣ በድምሩ 17 ዶላር ከ25 ሳንቲም ወሰደ። ገበያው ለመለጠፊያ 20 ሳንቲም፣ ከሽያጩ ደግሞ 6.5 በመቶ፣ ማለትም 1 ዶላር ከ56 ሳንቲም ቆረጠ። አሜሪካ ውስጥ በተከፈተ ሱቅ ለክፍያ ማስተናገጃ የሚቆረጠው 3 በመቶና 25 ሳንቲም ሲታሰብ 97 ሳንቲም ይመጣል። ለእኛ የቀረልን 4 ዶላር ከ2 ሳንቲም ነበር። ማስታወቂያ አልከፈልንም፤ ብንከፍል ኖሮ ይህችም አትኖርም ነበር። በአምስት ወር የሸጥነው 19 ቲሸርት ነው።

«አሜሪካ ውስጥ በተከፈተ ሱቅ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኢትዮጵያ የኤትሲን የክፍያ ሥርዓት መጠቀም ከሚችሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ብዙ የኦንላይን ሱቆች የካርድ ክፍያ የሚቀበሉበት ስትራይፕም በአገራችን ለሚገኝ ነጋዴ ሒሳብ አይከፍትም። ሥልጠናው ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሳ መልሱ «ውጭ ዘመድ የሌለው ማን አለ?» የሚል ነበር። እኛም ሜሪላንድ የምትኖር የአክስታችንን ልጅ ለመንናት፤ እሺ ብላ በራሷ ስም ከፈተችልን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ሱቁ የእሷ ነው፤ ስሙ የእሷ፣ የባንክ ሒሳቡ የእሷ፣ ግብሩም የሚጠየቀው ከእሷ ነው። ሥዕሉ ብቻ የእኛ ነበር። በሥራ ደክማ ሌሊት የምትገባን እህት ስልክ ደውሎ «በዚህ ወር ስንት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ይሉኝታ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅናት፤ ሁለተኛ መጠየቅ አልቻልንም። ንግድ ደግሞ ሒሳቡን በየቀኑ ካልጠየቁት አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወንድሜ እጁ የተባረከ ነው፤ የሀዋሳ ሐይቅን ምሽት፣ ዳር ላይ አንድ አባ ኮዳ ክንፉን አጥፎ ቆሞ ሣለው። አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት ያየ ሰው ያን ወፍ ወዲያው ያውቀዋል። የሰማዩን ቀይ ቀስ በቀስ እያሳሳ ወደ ጥቁሩ ጨርቅ እንዲጠፋ አደረገው። በስክሪን ላይ ሲታይ እኔ ራሴ ልገዛው ዳዳኝ። ሆኖም ማሽኑ በቀጥታ ጥቁር ቲሸርት ላይ ሲያትም ከቀለሙ ሥር መጀመሪያ ነጭ መደብ ያነጥፋል፤ ቀለሙ ሙሉ በሆነበት ቦታ ነጩ ይሸፈናል፣ ቀለሙ በሳሳበት ቦታ ግን ነጩ ብቅ ይላል። ይህን አናውቅም ነበር። ከገዢዎቻችን አንዷ ለአክስታችን ልጅ ፎቶ ልካ፣ እሷ ደግሞ ለእኛ አስተላለፈችው፦ የወፉ ዙሪያና የሰማዩ ጠርዝ ሁሉ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ከፎቶው ሥር «ወፉ በረዶ ላይ ነው እንዴ የቆመው?» የሚል ጥያቄ ተጽፎበታል።

ሦስት ሰዎች ገንዘባቸውን ጠየቁ፤ መለስን። አታሚው የተላከለትን በትክክል ስላተመ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ስለዚህ የሦስቱ ቲሸርት ወጪ 51 ዶላር ከ75 ሳንቲም ከእኛ ላይ ወጣ። የ13 ቲሸርት ትርፍ ማለት ነው። ያሳፈረኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም። ፋብሪካ ሳለሁ ከእያንዳንዱ ሎት፣ ማለትም አብሮ ከተመረተ ምድብ፣ ናሙና አውጥቼ አንገቱን ስቤ እለቀው ነበር፤ ወደ ቦታው ካልተመለሰ አይወጣም። ታጥቦ የጎን ስፌቱ ወደ ሆድ ከዞረ አይወጣም። እንዲህ ስሠራ የኖርኩ ሰው፣ ስሜ የሌለበትን ሳይሆን የወንድሜ ሥዕል ያለበትን ቲሸርት አንድ ጊዜ እንኳ በእጄ ሳልይዝ 19 ሰው እንዲከፍልበት ፈቀድኩ። ናሙና ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ሜሪላንድ ልከን ታጥቦ፣ ፎቶው ከተለያየ አቅጣጫ ተነሥቶ ይታይልን ነበር። 17 ዶላር ቆጥበን 51 ዶላር ከፈልን።

ሱቁን ዘግተን በቀረችን ገንዘብ ላይ እቁቤን ጨምሬ አንድ ሂት ፕሬስ፣ ማለትም ህትመትን በሙቀት ጨርቅ ላይ የሚጫን ማሽን፣ ገዛሁ። አሁን የምሠራው ዲቲኤፍ በሚባለው ዘዴ ነው፤ ሥዕሉ አዲስ አበባ ፊልም ላይ ታትሞ፣ የማጣበቂያ ዱቄቱ ቀልጦበት በሜትር ይመጣልኛል፤ እኔ ቆርጬ ቲሸርቱ ላይ አስቀምጬ በ150 ዲግሪ ገደማ ለ15 ሰኮንድ እጫነዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ፊልሙን እልጣለሁ። አንድም ሆነ መቶ ማተም ለእኔ ያው ነው። ደንበኛው በቴሌግራም ሥዕሉን ይልካል፣ በቴሌብር ግማሹን ይከፍላል፣ ቲሸርቱን አይቶ ቀሪውን ይጨርሳል፤ አዲስ አበባ ላለ ከመናኸሪያ በአውቶቡስ እልካለሁ። መብራት ሲጠፋ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፤ ይህንንም መደበቅ አይገባኝም።

አንድ በአንድ ማተም ለከተማችን ምን ያህል እንደሚስማማ የገባኝ በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ በ2008 ዓ.ም በዩኔስኮ የሰፈረው፣ በየዓመቱ በአንድ ቀን አይውልም፤ ቀኑን የሚቆርጡት የከዋክብቱን አካሄድ የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው። ቀድሞ ሺህ ቲሸርት አዲስ አበባ የሚያሳትም ነጋዴ ቀንና ዓመት መጻፍ አይደፍርም፤ የተረፈው ዕዳ ይሆንበታል። እኔ ዘንድ ግን ቀኑ ከታወቀ በኋላ የአንድ ቤተሰብ ሰባት ሰው፣ ከአያት እስከ ሕፃን፣ በየልኩ፣ ስማቸው በጀርባ ተጽፎ፣ በማግስቱ ለብሰው በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ወርደዋል። ሪጋ ወይም ሰሜን አሜሪካ ያለ ማሽን ለዚያ ቤተሰብ አይደርስለትም። ዩኒቨርሲቲው ሲያስመርቅም እንደዚሁ ነው።

ዛሬ የራሳቸው የቴሌግራም ቻናል ያላቸው ሦስት ልጆች ከእኔ ጋር ይሠራሉ፤ አንደኛው ወንድሜ ነው። ሥዕሉን ያመጣሉ፣ ትእዛዝ ይቀበላሉ፣ እኔ ዋጋዬን ነግሬአቸው አትማለሁ፣ እነሱ በላዩ የፈለጉትን ይጨምራሉ። ዕቃ አያከማቹም፣ ማሽን አልገዙም። ይህ ራሱ በትእዛዝ ማተምና ድሮፕሺፒንግ አይደለምን? ልዩነቱ ልጆቹ ከመሸጣቸው በፊት መጥተው ጨርቁን መንካት መቻላቸውና ገንዘቡ በራሳቸው ስልክ መግባቱ ብቻ ነው። ውጭ ላሉ ገዢዎች መሸጥ አይገባም አላልኩም፤ ግን አንዲት ቲሸርት ከዚህ በኢኤምኤስ፣ በፖስታ ቤቱ ፈጣን መልእክት፣ ስትላክ ማጓጓዣው ከቲሸርቷ ዋጋ ይበልጣል፣ አሜሪካም ከ800 ዶላር በታች ለሆኑ ጥቅሎች ትሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ አሠራር ከነሐሴ 2017 ዓ.ም ወዲህ አቁማለች። እኔ ብሆን መጀመሪያ በአቅራቢያዬ ባለው ገበያ እጄን አፍታታለሁ።

ስለ ሥዕሉ ባለቤትነትም አንድ ቃል ልበል። የኳስ ክለብ አርማና የድምፃዊ ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ «ዲዛይን» ማለት የውጭ ሱቅ ያስዘጋል፤ እዚህም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ይዘው የሚመጡትን እመልሳለሁ፤ ጎረቤቴ ያትምላቸዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የቲሸርቱ ጉዳይ ነው። ፕሌን ቲሸርት በደርዘን ከመርካቶ አስመጣለሁ፤ ከእያንዳንዱ ደርዘን አንዱን ቀድሜ አጥባለሁ፣ ጎኑ ከተጠማዘዘ ደርዘኑን እመልሳለሁ፣ ነጋዴውም ካልተቀበለኝ ኪሳራውን እችላለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ግን ከሱቄ በታክሲ በሚደረስበት ቦታ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም በተመረቀው ፓርክ ውስጥ፣ ለውጭ ገበያ የሚሆን ልብስ በሚሰፋበት ከተማ ተቀምጬ ነው። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገቡበት ዕድል፣ ስታስወጣ ትእዛዝ ቀንሶ እንደ እኔ ያሉ ብዙዎች ከሥራ ወጥተዋል። ፋብሪካዎቹ ለእኛ ለትናንሾቹ አታሚዎች ፕሌን ቲሸርት በደርዘን የሚሸጡበት መንገድ ቢከፈት፣ የሰፋችው፣ ያተመውና የሸጠው ልጅ ሁሉም ሀዋሳ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ዝግጅት ክፍሉ ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው አካላት እንዲያቀርብልን፣ ስለዚህ ሥራ ዳግም ሲጽፍም ከገቢው ጎን የወጪውን ዝርዝር በሳንቲም እንዲያሰፍር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ወንድሜ አባ ኮዳውን እንደገና ሥሎታል፤ የሚሳሳውን ሰማይ በጥቃቅን ሙሉ ነጠብጣቦች ስለተካው ነጭ የሚባል ነገር አይታይበትም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዷን ልኬላችኋለሁ። አንገቷን ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ሁለት ጊዜም እጠቧት፤ ጉድለት ካገኛችሁባት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የጥራት ተቆጣጣሪ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)
ሀዋሳ