ደብዳቤ ለልጄ፦ ያንን ሪዮሃ ለምን ከፈትኩት

ሰላም ልጄ፣ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ የእውነት ከፈትሽው? ለማያውቅ ሰው?» ብለህ ዝም አልክ። መስመሩም ይቆራረጥ ስለነበር ብዙ አላወራንም። አሁን ተረጋግቼ ልጻፍልህ። አዎ፣ ያንን የስፔን ቀይ ወይንህን፣ ሪዮሃውን፣ ከፈትኩት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ላይ፣ ከጓደኞቼ ጋር። ደስ እያለኝ ነው የከፈትኩት።

«ለሰርጌ አስቀምጪልኝ» ብለኸኝ ነበር። ልክ ነው፣ ብለሃል። ግን ልጄ፣ ሰርጉ መቼ ነው? አንተ ቀን ቁረጥ፣ ሌላውን እኔ እገዛለሁ። ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል እየተባለ ስንቱ ጠርሙስ ቡፌ ውስጥ ቆሞ ቀረ መሰለህ። አብዛኛው ወይን እኮ የሚሠራው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። ያንተ ደግሞ ሬዘርቫ ነበር። የሪዮሃ ወይን ሠሪዎች ቀዩን ሬዘርቫ የሚሉት ቢያንስ 3 ዓመት ካረፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመቱን በኦክ በርሜል ያሳልፋል። ስለዚህ አንተ ከሱቅ ስታነሳው ዋናውን ጥበቃ እነሱ ጠብቀውልሃል። ቀዝቃዛ ምድር ቤት ቢኖረን ኖሮ ተጨማሪ ዓመታት ይቆይልህ ነበር፣ አልክድም። እኛ ያለነው ግን ሀዋሳ ነው።

ወይን ከ12 እስከ 15 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨለማ፣ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ የማይል ቦታ ነው የሚስማማው። ከቤታችን ለዚህ የሚቀርበው ያንተ ክፍል ብቻ ነው፣ ከሰዓት ፀሐይ አይመታውም። ስለዚህ ስብስቤ አልጋህ ስር ነው ያለው። ስትመጣ እግርህን እያየህ ግባ። ቡሹ እንዳይደርቅ ሁሉንም አጋድሜያቸዋለሁ፣ አንገታቸው ላይ ደግሞ ፕላስተር ለጥፌ ማን እንዳመጣውና መቼ እንደሆነ ጽፌበታለሁ። አባትህ «ክሊኒክ አስመሰልሽው» ይላል። ይበል።

አሁን ስለ ምሳው ልንገርህ፣ እሱ ነው ደስ የሚለው።

አባትህን ጨምሮ ስድስት ነበርን፣ አንዷ አትጠጣም። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለአምስት ሲካፈል ለሰው 150 ይደርሳል፣ ለመቅመስም ለመጨዋወትም በቂ ነው። መኪና ይዞ የመጣ የለም፣ ሁሉም በባጃጅ ነው የመጡት፤ እሱን አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ።

አባትህ ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ቆሮሶ ገዝቶ መጣ። እንዳለ ጠብሰነው፣ ሎሚና ዳጣ ጎን ለጎን አድርገን አቀረብነው። ከሱ ጋር የባቱውን ነጭ ወይን፣ ሻርዶኔውን ከፈትኩ፣ ያንን ሪፍት ቫሊ የሚባለውን። ወደ አዲስ አበባ ስንመላለስ የምናልፋት ባቱ፣ ድሮ ዝዋይ የምንላት፣ ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የተከለው የወይን እርሻ ያለባት ናት። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል ስላቸው አላመኑኝም። ጉማሬ ወይን ሊበላ! ሳቁ አላባራ አለ። ወይኑ ግን በደንብ ቀዝቅዞ ስለነበር ከዓሣው ጋር ተስማማ፣ ጠርሙሱ ሳናስበው አለቀ።

ቀጥሎ የከፈትኩት ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝን ቀይ ነበር። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የማትጠጣዋ ፕሮቴስታንቷ ጎረቤታችን ናት፣ ታውቃታለህ፣ አምቦ ውኃዋን ይዛ ነው የምትቀመጠው። «ማሽተት ኃጢአት አይደለም» ብላ ብርጭቆዬን ተቀብላ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ ዝናብ የመታው ካርቶን ይሸታል» አለች። እኛ ጠጪዎቹ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያልን ነበር እኮ! ደግሜ ሳሸተው እውነቷን ነው። ቡሽ ላይ የሚፈጠር ቲሲኤ የሚባል ነገር አለ፣ ወይኑን እንደዚህ እርጥብ ካርቶን ያስመስለዋል። ጤና አይጎዳም፣ ግን የፍሬውን ሽታ ያጠፋዋል፣ መድኃኒትም የለውም። ውድም ርካሽም ጠርሙስ ላይ ይደርሳል። ጓሮ ሄጄ ደፋሁት። ከአሁን ወዲያ ቡሽ በተነቀለ ቁጥር መጀመሪያ እሷ ታሸታለች፣ ተስማምተናል።

ሦስተኛው ያንተ ሪዮሃ ነው። ሆን ብዬ መሃል ላይ ነው ያስገባሁት። ብዙ ሰው ምርጡን ለመጨረሻ ያስቀምጣል፣ ለእኔ ግን ይሄ ነገር አይገባኝም፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ጠግቧል፣ ወሬው ደርቷል፣ ምን እንደጠጣ የሚያስተውል የለም። ጠርሙሱን ከዋዜማው ጀምሮ አቁሜው ነበር፣ አተላው እንዲዘቅጥ። ከመክፈቴ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ አስገባሁት። አዎ፣ ቀይ ወይን! «ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣል» የሚለው አባባል የመጣው ቤታቸው ቀዝቃዛ ከሆነ ሰዎች ነው። በእኛ የቀትር ሙቀት እንዳለ ብትቀዳው አልኮሉ ብቻ ነው አፍንጫህን የሚመታህ።

ያቀረብኩት ከክትፎና ከቆጮ ጋር ነው፣ ሚጥሚጣውን ለየብቻ አድርጌ። ድድህን ጭብጥ አድርጎ አፍህን የሚያደርቀው ታኒን የሚሉት ነገር ሥጋና ቅቤ ሲያገኝ ይለዝባል። ሚጥሚጣ ሲበዛበት ግን ሁለቱም ይጣላሉ፣ ማቃጠሉም ይብሳል።

ታዲያ ብርጭቆው ሲሞላ ጋሽ መሃንዲሱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ስፕራይት የለም?»

ይሄን ስነግርህ እንደምትናደድ አውቃለሁ፣ በስልክም «ለማያውቅ ሰው» ያልከው እሳቸውን አስበህ ነው። እኔም በውስጤ ደንገጥ ብያለሁ። ግን እንግዳ ናቸው፣ ስፕራይቱን አመጣሁና «መጀመሪያ አንዴ ብቻውን ይቅመሱት፣ ከዚያ እንደፈለጉ» አልኳቸው። ቀመሱ። ዝም አሉ። እንደገና ቀመሱ። ከዚያ ስለ አባታቸው ማውራት ጀመሩ፣ ጉደር ወይን ይወዱ እንደነበር፣ በበዓል ቀን ብቻ አንድ ጠርሙስ ተገዝቶ ልጆቹ ሁሉ ቡሹን ለማሽተት ይሻሙ እንደነበር። ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ስለ አባታቸው አንድ ቀን አውርተው አያውቁም ነበር። ስፕራይቱን መጨረሻ ላይ ለብቻው ጠጡት። ቢቀላቅሉትም ኖሮ ደግሞ ምንም አልልም ነበር፣ ከተቀዳ በኋላ የእሳቸው ነው።

አንተ «የሚያውቅ ሰው» ስትል ማንን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ስከፍት የማስበው ማን አብሮኝ ቢቀመጥ ደስ እንደሚለኝ ነው። የወይኑን ስም የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም እኔ አለሁ፣ እያስረዳሁ አሰለቻቸዋለሁ።

ዶሮ ወጡ ሲመጣ ደግሞ አካሽያ ነው የከፈትኩት፣ ለስላሳ ጣፋጩን ቀይ። በወይን የሚመጻደቁ ሰዎች ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። በርበሬ ላይ ደረቅ፣ ስኳር የሌለበት ወይን ስትጨምርበት እሳት ነው፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ግን ያስታግሰዋል። ለእኛ ወጥ እንደሱ የሚስማማ አላገኘሁም፣ ከጠጅ በቀር።

አሁን ስትመጣ የምታመጣልኝ፦ ጥሩ የቡሽ መክፈቻ። አስተናጋጆች የሚይዙት፣ የሚታጠፈው ዓይነት ይሁን፣ የእኔው ቡሽ እየፈረከሰ አስቸግሮኛል። ወይን አታምጣ አልልህም፣ ግን ካመጣህ ጊዜ አትወስንበት።

ጋሽ መሃንዲሱ ደግሞ የሚቀጥለው ምሳ እሳቸው ቤት እንዲሆን ጋብዘውናል። ቡፌያቸው ውስጥ መስኮት ፊት ለፊት ቆሞ ዘመን ያስቆጠረ ቀይ አለ፣ ሳሎናቸው በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ፣ እሱን እከፍታለሁ ብለዋል። በዚያ ሁሉ ፀሐይ የተረፈ ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ለማንኛውም ጎረቤታችን ታሸታለች፣ እኔ ደግሞ ሰላጣ ሠርቼ እሄዳለሁ፣ ኮምጣጤ ሆኖ ከተገኘ እላዩ ላይ እናፈሰዋለን።

እናትህ
ሀዋሳ