የእጅ ሙያን ለወደቀ ተማሪ ብቻ እየሰጠን በቴክኖሎጂ ከማን ጋር እንወዳደራለን?

ለኢፌዴሪ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና መግቢያ፣ የባለሙያው ማኅበራዊ ደረጃና የአገር የቴክኖሎጂ ተወዳዳሪነት

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው አካባቢ የምኖርና የማሽን ሥራ የማሠለጥን ዜጋ ነኝ። ሰፈራችን አንድ አገር በቴክኖሎጂ ለመወዳደር ያስፈልገዋል የሚባለውን አብዛኛውን ነገር በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይዟል፤ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የአቃቂ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች፣ በየመንገዱ ዳርም በቆርቆሮ የተከለሉ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን)፣ የብየዳና የጋራዥ ቤቶች አሉ። ይህ ሁሉ ጎን ለጎን ተቀምጦ እርስ በርሱ ግን አይነጋገርም። የማይነጋገረው በገንዘብና በመሣሪያ እጥረት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ዋናው ምክንያት በእጁ የሚሠራውን ሰው ያስቀመጥንበት ማኅበራዊ ደረጃ ነው፤ ይህንንም ደረጃ ከባህል የወረስነው ቢሆንም ዛሬ በየዓመቱ የሚያድሰው የመንግሥት የምደባ አሠራር በመሆኑ ደብዳቤዬን ለእናንተ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አስቀልጠው አሠርተዋል፤ መድፉም እስከ መቅደላ ተጎትቷል። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ ግን የውጭዎቹ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፣ ጋፋትም የሙያ መናኸሪያ ሆና አልቀጠለችም። አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ስም መሰደባቸው ስህተት መሆኑን፣ በውጭ አገር አዲስ ነገር የሠራ ሰው እንደሚመሰገን ለሕዝባቸው አስረዱ። እኔ ይህን አዋጅ በታሪካችን ከወጡት ሕጎች ሁሉ አርቆ አሳቢ ከሆኑት አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ሆኖም አዋጁ የነካው አንደበትን ነበር። ሠሪው በብዙ አካባቢ ርስት የተነፈገበትን፣ ከጨዋው ቤት ጋር በጋብቻ እንዳይተሳሰር የተከለከለበትን ሥርዓት ስላልነካው ስድቡ በአደባባይ እየቀነሰ ቢሄድም ደረጃው ባለበት ቀረ። በከተማችን ሰሜናዊ ዳርቻ ያሉት የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ከሙያቸው ጋር የተያያዘው ሐሜት ከልጆቻቸው ጫንቃ ገና እንዳልወረደ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ዘመናችን አሠራር ልምጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍልን መለያ መስመር አድርጎት ነበር፤ ውጤቱ ከፍ ያለው ተማሪ ወደ መሰናዶ፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቢቀርም መለያው ወደ 12ኛ ክፍል ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በ2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። የፈተናውን መጥበቅ አልቃወምም፤ ኩረጃ ተስፋፍቶ ስለነበር ፈተናውን ማክበር ተገቢ ነበር። የምቃወመው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ነው። ያለፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ ለማለፍ የቀረበው ወደ ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይገባል፤ ከዚያም የተረፈው ቴክኒክና ሙያ እንዲመዘገብ ይነገረዋል። በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ አንድ ወጣት ቶርኖንና ብየዳን የሚያውቀው የውድቀቱ ማረጋገጫ ሆኖ ነው።

ማን እንደሚወድቅም በአመዛኙ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት በሌለው ትምህርት ቤት የተማረው የጥበቃ ሠራተኛ ልጅ፣ የቀን ሠራተኛዋ ልጅ፣ ከገበሬ ቤት ወጥቶ ከተማ ዳር ከዘመድ ተጠግቶ የሚማረው ልጅ ወደ እኛ ይመጣል። መጽሐፍና አስጠኚ የተሟላለት ልጅ ደግሞ እጁ ምንም ያህል ለሥራ የተፈጠረ ቢሆን ወደ እኛ እንዲመጣ የሚመክረው የለም። በዚህ ምክንያት ድህነትና የእጅ ሙያ አንዱ የሌላው ምልክት ሆነው ይኖራሉ። በምዝገባ ወቅት አንዲት እናት ለልጇ ቱታ የማያስለብስ የሙያ መስክ እንድንፈልግላት ስትለምነን ሰምቻለሁ፤ እናቲቱን ለመውቀስ ግን አልደፍርም፣ ሽማግሌ ተልኮ ልጅቱ ስትጠየቅ ስለ ሙሽራው የሚነሳውን ጥያቄ ታውቃለችና። ብዙዎቹ ሠልጣኞቻችን ታክሲ ከመሳፈራቸው በፊት ቱታቸውን አጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ ይከታሉ። በሙያው የሚያፍር ወጣት ሙያውን ለማሻሻል አያስብም፤ ከእሱ የሚወጣበትን ቀን ነው የሚቆጥረው። አገርን የሚያስወዳድረው ግን በየቀኑ በሥራ ቦታ የሚደረገው ማሻሻያ ነው።

እዚህ ላይ የጃፓንን ነገር በጥቂቱ ላንሳ። ቶዮዳ ሳኪቺ እ.ኤ.አ. በ1867 በገጠር የተወለደ የአናጺ ልጅ ነበር። የመንደሩ ሰዎች የሚሸምኑበትን የእንጨት መሣሪያ ለማሻሻል ሲደክም ቆይቶ በ1891 የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያም ክር በተበጠሰ ጊዜ ራሱን የሚያቆም የሽመና ማሽን ሠራ፤ የአውቶማቲክ ማሽኑ መብት በ1929 ለእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ ኩባንያ በ100,000 ፓውንድ ተሸጠ። ልጁ ኪኢቺሮ ኋላ ቶዮታ የሆነውን የአውቶሞቢል ሥራ የጀመረው በዚያው የሽመና ማሽን ኩባንያ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ከቃሊቲ ወደ መሀል ከተማ ከሚያመላልሱን ሚኒባሶች አብዛኞቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። በእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ ድርና ማጉን አስማምቶ ጥበብ የሚያወጣው የጋሞ ሸማኔ አእምሮው ከሳኪቺ አያንስም። ነገር ግን እኛ ዘንድ ፊደል የቆጠረው ሰው መወርወሪያ ለመያዝ አልፈለገም፤ መወርወሪያ የያዘው ደግሞ ትምህርት፣ ብድርና የፈጠራ ጥበቃ አልደረሰውም፤ ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ሰው ወይም በአንድ ቤት ውስጥ ሳይገናኙ ትውልዶች አለፉ።

የሳኪቺ ማሽን ክር ሲበጠስ መቆሙ በኋላ የቶዮታ ፋብሪካ ሥርዓት መሠረት ሆነ፤ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ እርዳታ እንዲጠራ፣ መስመሩንም እንዲያስቆም ተፈቀደለት። እኛም ይህን የአሠራር ዘዴ ካይዘን በሚል ስም ተቀብለን በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት አቋቁመናል፤ ጥሩ ሥራም ተሠርቶበታል። በየፋብሪካው መሣሪያ በቦታው መደርደሩን፣ ወለሉ መጽዳቱን፣ ሰሌዳው መሰቀሉን አይቻለሁ። የዘዴው እምብርት ግን ዝቅተኛው ሠራተኛ ያየውን ለአለቃው መናገር መቻሉ ነው፤ ይህ ደግሞ በግዢ አይመጣም። ከሠልጣኞቼ አንዱ ለትብብር ሥልጠና በሄደበት ፋብሪካ የአንድ ማሽን ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ክፍል) ድምፁ መለወጡን ሰምቶ ለፈረቃ ኃላፊው ቢነግር «የመጣኸው ልትማር ነው» ተብሎ ተመለሰ። ኩሽኔታው ሲሰበር ዘንጉንም ይዞት ሄደ፤ መስመሩም መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ እስኪመጣ ቆሞ ቀረ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ ታናሽ ታላቁን እንዲያዳምጥ፣ ቱታ የለበሰም ሸሚዝ የለበሰውን እንዳያርም ተምሮ ያደገ ሰው ነበር። ሁላችንም እንዲሁ ነው ያደግነው፤ ለታላቅ የምንሰጠው አክብሮት ውድ ሀብታችን መሆኑንም አልክድም፤ ነገር ግን በማሽን ፊት የሚበልጠው ማን እንደተናገረ ሳይሆን ምን እንደተሰማ መሆን አለበት።

ባህል አይለወጥም የሚል መልስ ከተሰጠኝ ደቡብ ኮሪያን እጠቅሳለሁ። በጥንቱ የኮሪያ ሥርዓት ምሁሩ ከላይ፣ ገበሬው ቀጥሎ፣ የእጅ ባለሙያው ከእነሱ በታች ነበር። ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ማድሪድ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሙያ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ወርቅ ያገኘችው በልብስ ስፌትና በጫማ ሥራ ነው፤ እኛ ዘንድ ለስም የማይበቁ ተደርገው በሚቆጠሩ ሙያዎች ማለት ነው። በቀጠሉት ዓመታት አሸናፊዎቹ በሴኡል ጎዳናዎች በመኪና ሰልፍ አቀባበል ተደረገላቸው፤ በ1973 የወጣው የብሔራዊ የቴክኒክ ብቃት ሕግ ደግሞ ክብሩን በምስክር ወረቀት ደገፈው፤ በ1977 አገሪቱ በውድድሩ አንደኛ ወጣች። ኮሪያውያን ወላጆች ዛሬም ለልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲን እንደሚመርጡ፣ መንግሥታቸውም በ2010 ሙያ የሚያስተምሩትን የማይስተር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለመክፈት የተገደደው በዚህ ምክንያት መሆኑን አውቃለሁ፤ ፈተናው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። ቢሆንም ሕግ፣ ሽልማትና የትምህርት መሰላል አንድ ላይ ሲመጡ የማኅበረሰብን ሚዛን እንደሚያንቀሳቅሱ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

የዲጂታሉም ዘርፍ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የሚያስመሰግን ነው፤ ኮምፒውተር ያለው ልጅና የወንድሙን ስልክ በተራ የሚጠቀም ልጅ ግን ከእኩል ቦታ አይነሱም፤ ለሁለተኛው የሚሆን ክፍት ማዕከል በየወረዳው ካልተዘጋጀ የምስክር ወረቀቱ ቁጥር ይበዛል እንጂ ልዩነቱ አይጠብም።

አሁን የምጠይቀውን ልግለጽ። አስቀድሜ የምለምነው መግቢያው እንዲለወጥ ነው። በየፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ካለው ቦታ የተወሰነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ላመጡና ሙያውን በምርጫቸው ለሚያስቀድሙ ተማሪዎች ይያዝ፤ እነሱም ሆኑ ሌሎቹ አመልካቾች በተግባር ፈተና ይመረጡ፤ ምደባውም ከዩኒቨርሲቲ ምደባ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ማስታወቂያ ይገለጽ። ተርፎ የመጣ ሠልጣኝና ተመርጦ የመጣ ሠልጣኝ በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሲቆሙ የመጀመሪያውም ቀና ብሎ ይሄዳል፤ ይህን ከልምዴ እመሰክራለሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የመሰላሉ ጉዳይ ነው። የትምህርትና የሥልጠና ደረጃዎችን የሚያስቀምጠው የብቃት ማዕቀፍ በወረቀት እስከ ደረጃ 8 እንደሚዘረጋ አውቃለሁ። ነገር ግን ከደረጃ 4 ወይም 5 የተመረቀ ጎበዝ ባለሙያ በቅርቡ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢንጂነሪንግ ልማር ቢል የተማረው ተቆጥሮለት የሚገባበት ግልጽ መንገድ ያስፈልገዋል። ይህ መንገድ ቢከፈት ዩኒቨርሲቲውም ይጠቀማል፤ ካሊብሮ የተባለውን የመለኪያ መሣሪያ ይዞ ያደገ ተማሪ በክፍል ውስጥ መኖሩ ለሌሎቹም ትምህርት ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም ያላያቸው ነባር ባለሙያዎች ጉዳይ ነው። በሰፈራችን ቶርኖ ቤቶች ውስጥ ከውጭ የማይገኝን ማርሽ የተሰበረውን ናሙና ብቻ እያዩ የሚቀርጹ፣ ከየትኛው የአረጀ መኪና ዘንግ ምን ዓይነት ብረት እንደሚገኝ በብልጭታው የሚለዩ ሰዎች አሉ። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክታቸው ወደ እነሱ ይመጣሉ፤ በሥዕሉ ላይ ያለውን ስህተት የሚያርመው ባለ ቶርኖው ነው፤ በሪፖርቱ ላይ ግን ስሙ አይጻፍም። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ስላልሰፈረ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የሙያ ደረጃ ሰነዶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመሆናቸው፣ ምዘናውም የሥራ ቀን የሚያስከስርና ወረቀት ያልለመደውን የሚያሸማቅቅ በመሆኑ ብዙዎቹ ወደ ብቃት ምዘና አይቀርቡም። መዛኙ ወደ ቶርኖ ቤቱ ይሂድ፤ ባለሙያው በገዛ ማሽኑ፣ በገዛ ቋንቋው ሠርቶ ያሳይ፤ ሲያልፍም ዲግሪ ሳይጠየቅ በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲ ወርክሾፖች በክፍያ እንዲያሠለጥን ይፈቀድለት፤ በሥራው የተገኘ ፕሮጀክት ላይም ስሙ የመጻፍ መብት ይኑረው። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃና ብዙ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

የትብብር ሥልጠናውንም በተመለከተ፣ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂው ከሥልጠናው 70 በመቶው በሥራ ቦታ እንዲሆን ማለቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሠልጣኝ ተቀብሎ ወለል የሚያስጠርግ ድርጅት ሠልጣኝ ተቀብሎ ማሽን ከሚያስይዝ ድርጅት ጋር እኩል መታየት የለበትም፤ ሁለተኛው በመንግሥት ግዢ ውድድር ላይ የሚቆጠርለት ነጥብ ቢያገኝ በአንድ ዓመት ውስጥ ለውጡን እናየዋለን ብዬ አምናለሁ።

ስለ መግቢያውና ስለ ነባር ባለሙያዎች ምዘና ያቀረብኳቸው ሁለት ጥያቄዎች በዚህ አካባቢ በሙከራ ደረጃ እንዲጀመሩ፣ ለዚህም የኮሌጅ አሰልጣኞች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ባለ ቶርኖዎች በእኩል ድምፅ የሚቀመጡበት ስብሰባ እንዲጠራ እጠይቃለሁ። የመጪው ዓመት ምደባ ከመታወጁ በፊት ሚኒስቴሩ ውሳኔውን በይፋ እንዲያሳውቅ እማፀናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የማሽን ሥራ አሰልጣኝ
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ