የባህር አረምና የሽሪምፕ አለርጂ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጾም ምግብ ባወጣችሁት ጽሁፍ ላይ የባህር አረም አዮዲን ስላለበት ሽሪምፕ የማይስማማው ሰው እሱም ይቅርበት የሚል ነገር አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ እኔም የሽሪምፕ አለርጂ አለብኝ፣ እዚህ ሜሪላንድም በጾም ኖሪ (ሱሺ የሚጠቀለልበት ደረቅ የባህር አረም) እና ስፒሩሊና (ሐይቅ ላይ የሚበቅል ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር፣ በዱቄትና በካፕሱል የሚሸጥ) የጀመሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

አዮዲን የሽሪምፕ አለርጂ አያመጣም፣ ጨው ውስጥ በየቀኑ እንበላዋለን እኮ። ሽሪምፕና ክራብ (ሸርጣን) ላይ በብዛት ሰውነታችንን የሚያስቆጣው ትሮፖማዮሲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ እሱ ደሞ ቢቀቀልም ቢጠበስም አይጠፋም። የባህር አረም እንስሳ ስላልሆነ ያ ፕሮቲን የለውም።

ችግሩ ያለው አረሙ ላይ ተለጥፎ የሚመጣው ነገር ላይ ነው። ጥቃቅን ሽሪምፕና ክራብ እዛው አረሙ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ሲሰበሰብ አብረው ይወጣሉ፣ ቢታጠብም ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል፣ ለዛም ነው አንዳንድ የኮሪያና የጃፓን ኖሪ ጀርባው ላይ ሽሪምፕና ክራብ ካለበት ባህር የተሰበሰበ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ያለው። ማስጠንቀቂያ የሌለው ሁሉ ግን ንጹህ ነው ማለት አይደለም! እዚህ አሜሪካ በ2004 የወጣው ህግ የሚያስገድደው ካምፓኒው ምግቡ ውስጥ የጨመረውን እንዲጽፍ ነው፣ "ሊኖርበት ይችላል" የሚለውን የሚጽፈው በራሱ ፈቃድ ነው። ኦይስተርና ክላም (ድንጋይ የሚመስል ቅርፊት ያላቸው የባህር እንስሳት) ደሞ ጭራሽ ህጉ ውስጥ የሉም፣ አውሮፓ ላላችሁ ግን እነሱንም መጻፍ ግዴታ ነው።

ሱሺ ቤት ስትሄዱ የጾም ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። የአትክልቱ ሱሺ ሽሪምፕ በተቆረጠበት ቢላዋና መክተፊያ ሊሰራ ይችላል፣ ቴምፑራው (ሊጥ ተቀብቶ የሚጠበሰው አትክልት) ሽሪምፕ በተጠበሰበት ዘይት ሊጠበስ ይችላል፣ ኪምቺ (የኮሪያዎቹ የኮመጠጠ ጎመን) ውስጥ ብዙ ጊዜ በጨው የተያዘ ሽሪምፕ ይገባል፣ የኮሪያዎቹ የባህር አረም ሾርባም አንዳንዴ በክላም ነው የሚሰራው። እኔ አለርጂ እንዳለብኝ በግልጽ እናገራለሁ፣ አስተናጋጁ ካመነታ አልበላም።

ስፒሩሊና ከነዚህ ይለያል፣ የባህር አይደለም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅና ሻላ አጠገብ ያለው ጪቱ የሚታወቁበት እሱ ነው፣ ስለዚህ ከሽሪምፕ ጋር አብሮ የመሰብሰብ ነገር የለበትም። ግን ራሱ ስፒሩሊና አለርጂ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ፣ ደሞ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ በካፕሱል ከሆነ ግሉኮሳሚን (ለመገጣጠሚያ ህመም የሚወሰድ) እንዳለበት እዩ፣ እሱ ብዙ ጊዜ ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት ነው የሚወጣው።

ከዚህ በፊት ጉሮሮው ያበጠ ወይ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ከሐኪሙ ሳይነጋገር ኖሪ አይሞክር፣ ኤፒፔን (ለከባድ አለርጂ ራስን የሚወጉበት መርፌ) የታዘዘለትም ከእጁ አይለየው። አዘጋጆች፣ ዓቢይ ጾም ሳይገባ እርማቱን ብታወጡልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ