አቶ ይድነቃቸውን የልጅ መግረፊያ አታድርጓቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ ስለ ተጫዋች ታማኝነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ በንዴት። ደስ ያለኝ ከስንት ጊዜ በኋላ የቀድሞውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ስም በትልቁ ተጽፎ ስላየሁ ነው። የተናደድኩት ደግሞ ስማቸው ለምን እንደተጠራ ሲገባኝ ነው። ለካ የተጠሩት በዚህ ክረምት ክለብ የቀየረ አንድ የ22 ዓመት ልጅ «ከሃዲ» እንዲባል ኖሯል። እነ ይድነቃቸው ስንት ገንዘብ ረግጠው ለአንድ ማሊያ ኖሩ፣ የዛሬ ልጅ ግን ለሁለት ብር ልዩነት ይሸጣል፤ የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

እኔ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነኝ። አራዳ ተወልጄ፣ ከቅዳሴ መልስ ጃንሜዳ ኳስ ሊያይ የሚሄድ አባት ያሳደገኝ ሰው ስለሆንኩ ሌላ የምሆንበት መንገድ አልነበረም። አባቴ ክለቡን በሙሉ ስሙ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም፤ «ሳንጆርጅ» ነበር የሚለው። አቶ ይድነቃቸውንም ያለ «አቶ» ነበር የሚጠራቸው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እንኳ ስማቸው በሬዲዮ በተነሣ ቁጥር «የኛ ልጅ» ይላል፣ በዕድሜ እንደሚበልጡት እያወቀ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ስማቸው አለንጋ ሆኖ ሲወዛወዝ ማየት ይከብዳል።

እስቲ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። ረገጡት የተባለው ገንዘብ የት ነበር? ክለቡ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ጠንሳሽነት አራዳ ላይ ሲቆም፣ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን ኳስ የተጫወተ ሰው ደመወዝ አይቆረጥለትም፣ የፊርማ የሚባል ነገር የለም፣ የዝውውር መስኮት ተከፈተ ተዘጋ አይባልም። ሰው በቀን ሥራውን ይሠራል ወይም ትምህርቱን ይማራል፣ ከዚያ ይጫወታል። ያልቀረበን ገንዘብ እንቢ አሉ ብሎ ማወደስ ማወደስ አይደለም። እሳቸው የሚወደሱበት ሌላ ብዙ ነገር ስላላቸው ውሸት አያስፈልጋቸውም።

ደግሞስ ክለብ ልቀይር ቢሉ ወዴት ይሄዱ ነበር? ከክለቡ መመሥረት በኋላ ዓመት ሳይሞላ ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም አጥፍቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» አለው። ነፃነት ተመልሶ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የከተማው ውድድር ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የግሪኮቹ፣ የአርመኖቹ እና ቅዱስ ጊዮርጊስ። እንግዲህ ጸሐፊያችሁ ይንገሩኝ፤ ወደ እንግሊዞቹ ይፈርሙ ነበር? ያን ዓመት ዋንጫውን የበሉት እንግሊዞቹ መሆናቸውን ሳንረሳ! የአገሬው ልጅ ነጩን ፊት ለፊት ገጥሞ የሚያሸንፍበት ሜዳ ያ ብቻ ነበር፤ በዚያ ሜዳ የአገሬው ስም ያለውም ቡድን አንድ ብቻ ነበር። አባቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ስለ ጎል አያወራም ነበር። ስለ ዝምታው ነበር የሚያወራው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲያገባ በወዲያኛው ጥላ ሥር የተቀመጡት ፈረንጆች የሚውጡትን ዝምታ።

ታማኝነታቸውን ከዚያ በኋላ ፈልጉት። ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ያነሣው በ1942 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲያ የጦሩ ቡድን መቻል ተነሣና ዋንጫውን ዓመት በዓመት ያጋብሰው ጀመር። ይኼኔ የአገር ልጅ የሚሄድበት ሌላ ክለብ ነበረ፣ ያውም አሸናፊ ክለብ። አቶ ይድነቃቸው በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ዋንጫ ለሌሎች ሲሄድ እያዩ እዚያው ቆዩ። ጫማ እስኪሰቅሉ ድረስ 23 ዓመት፣ 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል፣ አንድ ክለብ። ጸሐፊያችሁ እነዚህን ቁጥሮች አንዱንም አልጠቀሱም። «ከሃዲ» ለሚለው ቃል ግን ሦስት ቦታ አግኝተውለታል።

ጎሉ ራሱ የታሪኩ ግማሽ ነው። ተጫዋች ሳሉ የጨዋታውን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ፤ ዛሬ በየሜዳው ዳኛ ላይ የምንጮህበት ቋንቋ ከዚያ የጀመረ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ፌዴሬሽኑን ካቆሙት አንዱ ናቸው። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ተቀምጠው የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር ሲመሠርቱ የኛን ወገን ከወከሉት ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስትል ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጥታ ቀረች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ግብፅን 4 ለ 2 ረተን የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ ቡድኑን ያሰለጠኑት እሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን መሩ። የተወለዱት መስከረም 1 ቀን ነው፣ የሞቱት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.። ከእንቁጣጣሽ ተነሥቶ ቡሄ ላይ የሚያልቅ ዕድሜ። አባቴ በዚያ ቡሄ ሙልሙሉን ሳይቀምስ ዋለ።

ግብፅን በረታንበት ቀን የመጨረሻዋን ጎል በጭማሪው ሰዓት ያገባት መንግሥቱ ወርቁ ነው። ጋሽ መንግሥቱም የአንድ ክለብ ሰው ነበሩ፣ የኛው። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ግን የአንድ ክለብ ሰው አልነበረም፤ አሥመራ ተጫውቷል፣ ድሬዳዋ መጥቶ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን ተጫውቷል። ታዲያ ሉቺያኖን «ከሃዲ» ያለው ማን ነው? ሁለቱም በአንድ ቀን በአንድ ማሊያ አገር አስጨፍረዋል። አንዱ ቆየ፣ ሌላው ተዘዋወረ። ጸሐፊያችሁ መቆየትን ብቻ የሰው መለኪያ ሲያደርጉ ሳያውቁት ግማሹን ቡድን ከሜዳ አስወጡት።

አሁን ወደ ዛሬው ልጅ ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም እሱ ነው። ክለብ የቀየረው ልጅ አይደለም፣ እሱን አላውቀውም። የማውቀው የጎረቤቴን ልጅ ነው። የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ አንድ ክለብ ሄደ፤ የክለቡን ስም አልጠራም። ሲሄድ እናቱ ሰፈሩን ቡና አፍልታ ሸኘችው። በሁለተኛው ዓመት ልምምድ ላይ ጉልበቱ ዞረ። አውቶቡስ ተሳፍሮ ሲመጣ በር ላይ የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ፤ ቦርሳውን በአንድ ትከሻ፣ ታኬታውን በማሰሪያው አንጠልጥሎ፣ ግራ ጉልበቱ ከሱሪው ውስጥ እንደ አምባሻ ተነፍቶ። የአራት ወር ደመወዝ አልተከፈለውም። «ስትድን እንጠራሃለን» ብለውታል። የኤምአርአዩንም የሕክምናውንም የከፈለችው እናቱ ናት፣ ዕጣዋ ሳይደርስ ከዕቁብተኛ ለምና ተቀይራ።

ውሉን አሳየኝ። በፌስታል ጠቅልሎ ትራሱ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። ተጫዋቹ ልምምድ ቢቀር ስንት እንደሚቀጣ፣ ሳያስፈቅድ ሌላ ክለብ ቢያነጋግር ምን እንደሚደርስበት፣ መልቀቂያ እንዴት እንደሚከለከል በቁጥር በቁጥር ተዘርዝሯል። ክለቡ ደመወዝ ቢያዘገይ ምን እንደሚሆን የሚል መስመር ግን መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ ፈልጌ አጣሁ። ታማኝነት ሲባል እንግዲህ በአንድ ወገን ብቻ የሚፈረም ነገር ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው ለተጫዋች ደመወዝ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ ሲያበጁ ትዝ ይለኛል። የገንዘቡ ነገር እንደሆነ ልጓም ያስፈልገው ነበር፣ እሱን አልክድም። ብቻ ጣሪያው ሲሠራ ወለሉን ማን ሠራ? ደመወዙ በምን ቀን ይግባ የሚለውንስ?

አንድ የሚሞግተኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፣ ስለዚህ ራሴ ላንሣው። አቶ ይድነቃቸው ራሳቸው የተጫዋች ፍልሰት ነገር እንቅልፍ ይነሣቸው ነበር። አፍሪካ ምርጥ ልጆቿን ወደ ውጭ እየላከች ዝም ካለች ለሀብታሞቹ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች ይሉ ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር ከውጭ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች ብቻ ታሰልፍ የሚል ደንብም ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ነበር። ታዲያ የጸሐፊያችሁ ወገን አይሆኑም ወይ?

እኔ አይሆኑም ባይ ነኝ። ይወቅሱ የነበሩት የአህጉሩን እግር ኳስ የሚመሩትን፣ ከራሳቸው ጭምር፣ እንጂ በሻንጣው ልብስ የሚከትተውን ልጅ አልነበረም። ጥያቄያቸው ልጁ የሚቆይበትን ቤት ሠርተንለታል ወይ የሚል ነበር። ያ የሁለት ተጫዋች ደንብም በ1974 ዓ.ም. ሲነሣ ፕሬዚዳንቱ እሳቸው ነበሩ። በር ዘግቶ ማቆየት እንደማይዘልቅ ሳይገባቸው አልቀረም። ምናልባት እዚህ ላይ ከራሴ እየጨመርኩ ይሆናል፣ ግን የሕይወታቸው አካሄድ ወደዚያ ይመስለኛል፤ ለወደዱት ክለብ 23 ዓመት ተጫውተው፣ ተጫዋቹ የሚተዳደርበትን ሕግ ተርጉመው፣ ፌዴሬሽን አቁመው፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን ለተጫዋቹ የሚሆን ቤት ሲሠሩ አለፉ። ክለብ መሪዎቻችን ከእሳቸው የሚማሩት ካለ ይኸ ነው። እናንተ ግን ትምህርቱን ለመሪዎቹ ትታችሁ ቅጣቱን ለልጁ ሰጣችሁት።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት አንድ የምንሳሳለት አማካኛችን ወደ ተቀናቃኛችን ኢትዮጵያ ቡና ሲሄድ ስታዲየም ውስጥ የተናገርኩትን ብጽፈው አታትሙትም። በሚቀጥለው ደርቢ ኳስ በነካ ቁጥር ስጮህ ድምፄ ተዘግቶ ሦስት ቀን በምልክት ነበር የማወራው። ደጋፊ እንዲህ ነው፣ ይናደዳል፣ ይጮሃል፣ ማታ ሽሮውን በልቶ ይተኛል። ጋዜጣ ግን ሌላ ነው። ጋዜጣ ሲጮህ ወረቀቱ ይቀራል፣ የልጁ እናት ትገዛዋለች።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ አቶ ይድነቃቸው ገንዘብ ረግጠው ቆዩ የሚለው ይታረም፤ በምትኩ 365ቱንና 318ቱን ጻፉት። ሁለተኛ፣ ዘጋቢያችሁ ለተጫዋቾች የሚያቀርበውን የታማኝነት ጥያቄ አንድ ጊዜ ለክለብ ሥራ አስኪያጆችም ያቅርብልን። በየክለቡ ስንት ተጫዋች የስንት ወር ውዝፍ እንዳለው፣ ተጎድቶ የተኛ ልጅ ማን እንደሚያሳክመው ጠይቆ ስማቸውን ከመልሳቸው ጋር ያውጣው። መልስ ያልሰጠውንም «መልስ አልሰጡም» ብሎ ያውጣው፣ እሱም ወሬ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ጉልበት እየተሻለው ነው። ጠዋት ጠዋት ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ እሰማዋለሁ፣ እየቆጠረ። ሌላ ክለብ ለሙከራ ጠርቶት ሰኞ ይሄዳል። የትኛው ክለብ እንደሆነ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት፣ ማሊያው ቡናማ ከሆነ እንዳይነግረኝ አስቀድሜ ለመንኩት። ሳቀና ዝም አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአራዳ