የሥነ ጥበብ ክበብ ዘገባ፦ ጥጥ የለበሰው ደወል

ከተማሪዎቼ ጋር ቀልድ ያለባቸውን የሥነ ጥበብ ሥራዎች ያየንበትን ዓመት የጀመርኩት በቁጣ ነው። በመጀመሪያው አርብ የፈረንሳዊውን አርቲስት የማርሴል ዱሻምፕን «ፏፏቴ» በፎቶ አሳየሁ። ሥራው ሌላ ሳይሆን የወንዶች መሽኛ ነው። በጀርባው አስተኝተው «አር. ሙት 1917» ብለው ፈርመውበታል። ፊርማውን ጮክ ብዬ ሳነብ ለአማርኛ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ አላሰብኩበትም። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ዝም በሉ! ይሄ ትልቅ ሥራ ነው» አልኩ። ቀልድ እያሳየሁ ሳቅ ከለከልኩ ማለት ነው።

በመጀመሪያ 23 ነበርን። እስከ መጨረሻው የዘለቁት 14 ናቸው፤ ሌሎቹን ኳስ ወሰዳቸው።

የዱሻምፕ ቀልድ የቱ ጋ እንዳለ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ዕቃው ላይ ፈልገን አጣነው። ያለው ደንቡ ላይ ነው። የኒውዮርኩ የነጻ አርቲስቶች ማኅበር «ክፍያ የከፈለ ሁሉ ሥራውን ያሳያል፤ ዳኛ የለም» ብሎ ነበር። ዱሻምፕ ራሱ የቦርዱ አባል ነው። መሽኛውን በሌላ ስም ላከና ደንባቸውን ያከብሩ እንደሆነ ጠበቀ። አላከበሩም። እሱም ቦርዱን ለቀቀ። «ታዲያ የተሳቀው በመሽኛው አይደለማ!» አለ አንዱ ተማሪ። ከዚያ በኋላ በየሥራው ፊት የምንጠይቀው «የማን ደንብ ላይ ነው የቀለደው?» ሆነ።

ዱሻምፕ በ1919 የሞናሊዛ ፖስትካርድ ላይ ሪዝና ጢም ሥሏል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ባሳየሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ በግቢው ሪዝ ያላበቀለ ፖስተር አልተረፈም። የጤና ክበብ አቤት አለ፤ እውነቱን ነው። የእኛ ለምን እንደማያስቅ ስንከራከር አንዷ ሊዮናርዶ የሞተው በ1519 መሆኑን አስተዋለች። ሪዙ የበቀለው ልክ በ400 ዓመቱ ነው፤ ያውም ሁሉም በሚሰግድላት ሥዕል ላይ። ለእጅ መታጠብ ፖስተር ግን ማን ይሰግዳል?

በጣሊያናዊው አርቲስት በማውሪትሲዮ ካቴላን ሙዝ ተጣላን። በፕላስተር ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሙዝ በ2019 ማያሚ ላይ 120,000 ዶላር ተባለ፤ በ2024 ደግሞ በጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ተማሪዎቹ «ቀልዱ ዋጋው ነው» ይላሉ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ሳየው አልሳቅኩም። በድምፅ ተሸንፌያለሁ።

የዓመቱ ምርጥ ሥራችን የመጣው ከካውያ ነው። ማን ሬይ የተባለው አርቲስት በ1921 የካውያ ሆድ ላይ ምስማር ደርድሮ ለጠፈ። ልብስ የሚቀድ ካውያ! ይህን ያየች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከንብረት ክፍል አሮጌ የእጅ ደወል ተዋሰች። ምላሱን በጥጥ ጠቀለለችው። ርዕሱን «ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ» አለችው።

በዐውደ ርዕዩ ቀን ተማሪዎች ወዲያው ሳቁ። መምህራን ርዕሱን ለማንበብ ጎንበስ አሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ተያዩ። አንድ ባልደረባዬ ደወሉን አንስቶ ነቀነቀው። ጆሮው ሥር አድርጎ አዳመጠ። «እኔን ነው አይደል?» አለኝ። ምን ልበለው? እኔም ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ።

ደወሉን ስንመልስ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ መዝገቡ ላይ «የእጅ ደወል፣ 1፣ የማይሠራ» ብለው ጻፉ። ተማሪዋ በትከሻቸው በኩል አጮልቃ አነበበች። «ቲቸር፣ ከኔ ርዕስ ይሄ ይሻላል» አለች።