ቀይ ናፍጣ የቀዳውን ብቻ ሳይሆን ያስቀዳውንም ጠይቁ

ለአሜሪካ የአገር ውስጥ ገቢ አገልግሎት፣ ለአይ አር ኤስ ኮሚሽነር እና ለነዳጅ ኤክሳይዝ ታክስ ተቆጣጣሪዎች

ክቡራን፣

የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ሥራዬ የግብር ሰነድ ማዘጋጀት ሲሆን፣ ከደንበኞቼ የሚበዙት አማርኛ ተናጋሪ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ናቸው። የምጽፍላችሁ ለቤት ማሞቂያ፣ ለእርሻና ለመሳሰለው ሥራ የሚውል በመሆኑ የመንገድ ግብር ስላልተከፈለበትና በቀይ ቀለም ስለተለየው ናፍጣ ነው። የደብዳቤውን የእንግሊዝኛ ቅጂ በፖስታ ልኬላችኋለሁ። በአማርኛ በአደባባይ ያወጣሁት ወገኖቼም እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው፤ ጉዳዩ የእናንተ ብቻ አይደለም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ቀይ ናፍጣን በሕዝብ መንገድ ላይ በሚሄድ መኪና ውስጥ አውቆ መቅዳት ስርቆት ነው። በአንድ ጋሎን ናፍጣ ላይ ያለው የፌዴራል ግብር 24.4 ሳንቲም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮም አልጨመረም። ገንዘቡ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ የሚገባው እ.ኤ.አ. በ1956 ወደተቋቋመው የአውራ ጎዳና ፈንድ ነው። ይህ ፈንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ከጠቅላላው በጀት እየተደጎመ የቆመ ነው። ስለ ኢንተርስቴት 81 አውራ ጎዳና መጣበብና ስለ ድልድዮች ማርጀት ዘወትር እናማርራለን። እንጀራውን ከመንገድ የሚያገኝ ሰው ለመንገዱ የሚከፈለውን ሲያስቀር በራሱ ላይም፣ በትክክል ቀድቶ ከእርሱ ጋር በጭነት ዋጋ በሚወዳደረው ባልደረባው ላይም ግፍ እየሠራ ነው።

በግል መኪናም ይደረጋል። በእኛ አካባቢ፣ በተለይ ሜሪላንድ ውስጥ፣ በናፍጣ የሚሞቁ አሮጌ ቤቶች አሉ። ለማሞቂያ የሚመጣው ናፍጣ ቀይ ነው። ይህን ከምድር ቤቱ ማጠራቀሚያ እየቀዳ በፒክአፑ የሚሞላ ሰው «ያው ናፍጣ አይደለም ወይ?» ይላል። ሞተሩ ይነሳል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ችግር የለም ብሎ ያስባል። ስሌቱን ግን አብረን እንመልከት። 30 ጋሎን በምትይዝ ፒክአፕ የሚያስቀረው የፌዴራል ግብር 7 ዶላር ከ32 ሳንቲም ነው። የስቴቱ ግብር ሲጨመር ከዚያ ከፍ ይላል፤ በፔንስልቬንያ ለምሳሌ የስቴቱ የናፍጣ ግብር ብቻውን በጋሎን ከ70 ሳንቲም ያልፋል። ቅጣቱስ? በጋሎን 10 ዶላር ወይም 1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። በድጋሚ የተያዘ ሰው ዝቅተኛው ቅጣት 2,000 ይሆንበታል፣ በሦስተኛው 3,000። ከሦስተኛው ጀምሮ በናሙናው ምርመራ ላይ ማጭበርበር ወይም ስህተት አለ፣ አለዚያም ሒሳቡ ተሳስቷል ካላለ በስተቀር በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይግባኝ የለውም። ያልተከፈለው ግብርም አይማርለትም።

ቀለሙም የሚደበቅ አይደለም። ሶልቨንት ሬድ 164 የሚባለው ይህ ቀለም ናፍጣውን ካርካዴ ያስመስለዋል። ተቆጣጣሪው በሰልባቲዮው አፍ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ናሙና ሲስብ ቀለሙ በዓይን ይታያል። ላዩ ላይ ንጹሕ ናፍጣ ቢጨመርበት እንኳ ርዝራዡን ላቦራቶሪ ያገኘዋል። አላስፈትሽም ማለትም ራሱን የቻለ 1,000 ዶላር ያስቀጣል። ይህን ሁሉ እያወቀ ለጥቂት ዶላር ብሎ ለሚቀዳ ሰው አልማልድም። በሕጉ መሠረት ቅጡት።

ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሌላ ሰው ነው። ተቀጥሮ ወይም በኮንትራት የሰው መኪና የሚነዳው፣ ናፍጣውን ያልመረጠው፣ ቅጣቱ ግን በእጁ የሚደርሰው ሾፌር።

ከደንበኞቼ አንዱ የቀዘቀዘ ምግብ ይጭናል። የጭነቱ ማቀዝቀዣ፣ ሾፌሮች ሪፈር የሚሉት፣ የራሱ ሞተርና የራሱ ሰልባቲዮ ስላለው በቀይ ናፍጣ ቢሠራ ሕጋዊ ነው፤ መኪናውን አይነዳምና። የሚሠራበት ድርጅት በግቢው ውስጥ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ነበረው። ሾፌሮቹ ከመውጣታቸው በፊት ሪፈሩንም መኪናውንም ከዚያው ይሞላሉ። ሳምንታዊ የክፍያ ወረቀቱን ይዞልኝ መጥቶ አይቼዋለሁ፤ «የግቢ ነዳጅ» በሚል መስመር ከገቢው ላይ ይቀነስበታል፣ የጋሎኑም ዋጋ መንገድ ላይ ካለው ማደያ በግልጽ ያንሳል። ለምን እንዳነሰ ስጠይቀው የድርጅት ቅናሽ መስሎት እንደነበረ ነገረኝ። ይህ የሞኝ ግምት አይደለም። ትልልቅ ድርጅቶች በነዳጅ ካርድ ከማደያዎች ቅናሽ እንደሚያገኙ ሾፌር ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ከመቅጃው አፍ የተንጠባጠበው ናፍጣ ጓንቱን ሲያቀላው ጭነት የሚመድበውን ዲስፓቸር ጠይቋል። «ለሪፈሩም ለመኪናውም ይሆናል» ነው የተባለው።

በሚዛን ጣቢያ ላይ ናሙና ተወሰደበት። ሁለቱ ሰልባቲዮዎች 200 ጋሎን ያህል ነበራቸው፤ በጋሎን 10 ዶላር ሲሰላ 2,000 ዶላር ይመጣል። የዚያ ሁሉ ናፍጣ የፌዴራል ግብር 48 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነበር፤ ያንንም ያተረፈው እርሱ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ድርጅቱ ማጠራቀሚያውን ከግቢው አንስቶ ሥራውን ቀጠለ። ሾፌሩ ቅጣቱን በየወሩ እየቆረጠ ከፈለ። ናሙናውን የወሰደው ሰው ሥራውን ሠርቷል፣ አልወቅሰውም። ነገሩ እዚያው መቆሙ ነው ያበሳጨኝ።

ሕጋችሁ ከሾፌሩ አልፎ እንድትሄዱ ይፈቅድላችኋል። የአገር ውስጥ ገቢ ሕጉ ክፍል 6715 መንገድ ላይ የተጠቀመውን ብቻ አይቀጣም፤ ለምን እንደሚውል እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ የሸጠውንና ለሽያጭ ያስቀመጠውንም ይቀጣል። በድርጅት ላይ ቅጣት ሲጣል ደግሞ አውቀው የተሳተፉ ኃላፊዎች፣ ሠራተኞችና ወኪሎች በአንድነትም በነጠላም ይጠየቃሉ። ቀይ ናፍጣ በሚሸጥበት መቅጃ ላይ ናፍጣው የተቀለመ መሆኑን፣ ግብር ለማይከፈልበት አገልግሎት ብቻ እንደሚውልና ቅጣት እንዳለው የሚናገር ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ግዴታ ነው። ያልለጠፈ ሰው ናፍጣው ግብር ለሚከፈልበት አገልግሎት እንደሚውል ያውቅ እንደነበር ይቆጠራል። በዚያ ግቢ ማጠራቀሚያ ላይ አንድም ወረቀት አልተለጠፈም ነበር። የናፍጣውን ዋጋ ከሾፌሩ ገቢ ላይ በየሳምንቱ የሚቀንስ ባለንብረት በእኔ ግንዛቤ ሻጭ ነው፤ የክፍያ ወረቀቱም ደረሰኙ ነው። ማስረጃው በሾፌሩ ኪስ ውስጥ እያለ የጠየቀው አልነበረም።

ሾፌሩ ራሱ ለምን አልተናገረም ትሉ ይሆናል። ሥራውን ያጣል፣ ይህ አንድ ነው። በመንገድ ዳር ከመንግሥት ሰው ጋር ረጅም ንግግር መግጠም ደግሞ ያስፈራዋል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ በፍተሻ ላይ እንግሊዝኛው አልበቃ ያለ ከባድ መኪና አሽከርካሪ ከመንገድ እንዲወጣ ይደረጋል። የቋንቋው ግዴታ ራሱ የቆየ ነው፤ ስለ ተገቢነቱ እዚህ አልከራከርም። ያስከተለውን ግን በየቀኑ አያለሁ፤ ምልክቱን የሚያነብና ጭነቱን በሚገባ የሚያስረዳ ሰው እንኳ ንግግሩን አሳጥሮ፣ «አዎ፣ አይደለም» ብሎ መገላገልን ይመርጣል። ስለዚህ «ማን አስቀዳህ?» የሚለው ጥያቄ በመንገድ ዳር መልስ አያገኝም። በኋላ፣ በጽሑፍ ወይም በአስተርጓሚ፣ ሰውየው ተረጋግቶ የክፍያ ወረቀቶቹን ይዞ በሚቀመጥበት ጊዜ መጠየቅ አለበት። ቅጣቱ ከመጽናቱ በፊት ይህ እንዲደረግ እለምናችኋለሁ።

ወደ ቋንቋው ልምጣ። በስልክ አስተርጓሚ እንደምታቀርቡ አውቃለሁ፣ ደንበኞቼም ተጠቅመውበታል። ነገር ግን ለመደወል መጀመሪያ የሚጠየቅ ነገር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። በድረ ገጻችሁ የቋንቋ መምረጫ ላይ አማርኛ የለም። ከእኔ ቢሮ ወንዙን ተሻግሮ ያለው የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ዋና ዋና ሰነዶቹን በአማርኛ ያወጣል፤ ወገኖቻችን በዚህ አካባቢ ስንት እንደሆኑ አይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ያደረገው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝም መሥሪያ ቤቶች በሌሎች ቋንቋዎች የሚሰጡትን አገልግሎት እንዲያቆሙ አያስገድድም። የምጠይቀው መጽሐፍ እንዲተረጎም አይደለም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ቀይ ናፍጣ የት ይፈቀዳል፣ የት ይከለከላል፣ አሠሪ አስገድዶ ካስቀዳ ለማን ይነገራል።

የት እንደሚፈቀድ መናገሩ ቀላል ነገር አይደለም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከቀይ ናፍጣ ሲቀዳ ሕጋዊ ነው። በእርሻ ላይ የሚሠራ ትራክተርም እንዲሁ። አንድ ሰው አውቶቡሱ ሲቀዳ በዓይኑ ካየ በኋላ እርሱ ለምን እንደሚቀጣ የሚያስረዳው ካላገኘ ሕጉን እንደ ወጥመድ ነው የሚያየው። የአደጋ ጊዜ ፈቃዱም ሌላ መደናገሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከካትሪና፣ በ2017 ደግሞ ከሃርቪ አውሎ ነፋስ በኋላ የነዳጅ እጥረት በነበረባቸው ቦታዎች በቀይ ናፍጣ መንገድ ላይ መሄድን ለተወሰነ ጊዜ ሳትቀጡ አልፋችኋል፤ ግብሩ ግን መከፈል ነበረበት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ከሾፌር ወደ ሾፌር በስልክ ሲተላለፍ «ቀይ ተፈቅዷል» የሚለው ብቻ ይቀራል። የት፣ እስከ መቼ፣ ግብሩስ የሚሉት መንገድ ላይ ይወድቃሉ። ወሬው ከፈቃዱ ቀን በላይ ይኖራል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ በሌላኛው ወገን ያለው ኪሳራ ነው። ቅጣቱን ፈርተው ለሪፈሩም ግብር የተከፈለበትን ንጹሕ ናፍጣ ብቻ የሚቀዱ ባለንብረት ሾፌሮች አሉ። እነዚህ ሰዎች ከሚገባቸው በላይ ለመንግሥት እየከፈሉ ነው። ለሪፈሩ ከተቃጠለው ናፍጣ ላይ በጋሎን ከሚከፈለው 24.4 ሳንቲም የፌዴራል ግብር ውስጥ 24.3ቱን በቅጽ 4136 አማካይነት ከዓመታዊ ግብራቸው ጋር ማስመለስ ይችላሉ። በ1,000 ጋሎን 243 ዶላር ማለት ነው። የሪፈሩን ደረሰኝ ከመኪናው ደረሰኝ ለይቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር የቀደሙትን ዓመታት ሰነድ ስከፍት ይህ ቅጽ ተሞልቶ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ደረሰኙ ሁሉ በአንድ ላስቲክ ከረጢት ታጭቆ፣ የቱ የሪፈር የቱ የመኪና እንደሆነ ሳይለይ ይመጣል፤ ያኔ ለመጠየቅም አይቻልም። መንግሥት ቅጣቱን ከተናገረ መብቱንም በዚያው ገጽ ላይ መናገር አለበት።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። በከባድ መኪና ሰልባቲዮ ውስጥ ቀይ ናፍጣ ስታገኙ ነዳጁ የተቀዳበትን ግቢ ፈትሹ፤ ማስጠንቀቂያው መለጠፉን፣ ናፍጣው ከማን እንደተገዛና ዋጋው ከማን ገቢ ላይ እንደተቀነሰ እዩ። ሾፌሩ የክፍያ ወረቀቶቹን ለማቅረብ ጊዜና አስተርጓሚ ስጡት። አሠሪውን የተናገረ ሰው ራሱ እንዴት እንደሚታይ በግልጽ ጻፉ፤ ዝም የሚያሰኘው ይህን አለማወቁ ነውና። ያንን አንድ ገጽም በአማርኛ አውጡ።

ለወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። አሠሪያችሁ ከግቢው ማጠራቀሚያ ቅዱ ካላችሁ ቀለሙን እዩ። ቀይ ከሆነ ለመኪናው አትቅዱ፤ ትእዛዙንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልእክት እንዲልክላችሁ ጠይቁት። የክፍያ ወረቀታችሁን አንድም ሳታስቀሩ አስቀምጡ። የሪፈሩን ደረሰኝ ለብቻው ያዙ።

ክቡራን፣ የገጹን ትርጉም ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ በባለሙያዎቻችሁ ይታረም። በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የአበሻ ምግብ ቤቶች ማድረሱንም እኔና የሥራ ባልደረቦቼ እንወስዳለን። የግብር ማሳወቂያው ወቅት ከመጀመሩ በፊት ቢደርሰን ለዚህ ዓመት ሰዎች እንደርስላቸዋለን። ምላሻችሁ ሲመጣ ሙሉውን በአማርኛ ተርጉሜ አወጣዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የግብር ሰነድ አዘጋጅ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ