ለድሬ ሙቀት ሥራ እንስጠው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ድሬዳዋ ሙቀት ስናማርር እንከርማለን። እኔ ግን ሀብት ነው ባይ ነኝ። ስፒሩሊና የሚባለው ደቂቅ አልጌ (ሳይንሱ ከባክቴሪያ ወገን ይመድበዋል) እንደ ልቡ የሚያድገው ውሃው ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። እዚህ ደግሞ ሙቀቱም ፀሐዩም በነፃ ነው፤ ታዲያ ለምን በገንዳ አናመርተውም?

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ሻላ አጠገብ ያለው የጪቱ ሐይቅ አረንጓዴ የሚሆነው በዚሁ ፍጥረት ነው። ቻድ ውስጥ የካነምቡ ብሔረሰብ ሴቶች ከኩሬ ቀድተው፣ አጣርተውና አድርቀው ለወጥ ያደርጉታል። ሲደርቅ ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ነው። ከምግብነቱ በላይ እኔን የሚያጓጓኝ ከውስጡ የሚወጣው ፋይኮሲያኒን ነው፤ ከረሜላና አይስክሬም የሚያቀልሙ ፋብሪካዎች በሰው ሠራሽ ቀለም ፋንታ የሚገዙት ሰማያዊ ቀለም ማለት ነው። ዱናሊየላ የሚባለው ሌላው አልጌ ደግሞ በጣም ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቤታ ካሮቲን (ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገውን ቀለም) ያከማቻል።

«ለመጠጥ እንኳ ያልበቃን ውሃ ለገንዳ ከየት ይምጣ?» የሚል ይኖራል፣ እውነቱን ነው። ከክፍት ገንዳ ብዙ ውሃ ይተናል። ግን ስፒሩሊና የሚወደው ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ከ9 እስከ 11 የሆነ፣ ማለትም አልካላይነቱ የበዛ፣ ለእኛ ለመጠጥ የማይሆን ውሃ ነው፤ አልጌው ከተጣራ በኋላም ውሃው ተመልሶ ይሠራል። የፋብሪካ ፍሳሽ ግን በፍጹም አይሞከር፣ አልጌው መርዛማ የሆኑ ከባድ ብረቶችን ይመጥና ወደ ሰው ሆድ ያስገባል።

መልካ ጀብዱ አካባቢ ሁለት ሦስት ትንንሽ ገንዳ፣ ከዩኒቨርሲቲው ባለሙያ፣ ከሰፈሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች። እባካችሁ ጉዳዩን ለከተማው አስተዳደር አድርሱልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሳቢያን